አጥንት ቆጠራ

ኩታበር ላይ ሰባት ዓመት ጠመኔ ጨበጥሁ፤
ባሕር ሳላይ ባሕርን አስተማርሁ።
ሰፍነግን እንደ ድንች፣ ጄሊፊሽን እንደ ጃንጥላ
ስዬ በሰሌዳው፣ ዘጠነኛ «ለ» ፊት፣ ከምሳ በኋላ፦
«ጻፉ፤ ከመቶ እንስሳ ዘጠና አምስቱ
አከርካሪ አልባ ነው። ይኸው ነው እውነቱ።»

ከድጃ ይማም ነች፣ ከመስኮቱ ጥግ እጇን ያወጣችው፦
«ቲቸር፣ አከርካሪ ከሌለው፣ ታዲያ ምንድን ነው የሚያቆመው?»
ሳቁባት። እኔም ሳቅሁ። ደወሉ ገላገለኝ።
ጥያቄው ግን ሻንጣዬ ውስጥ ገብቶ ባሕር አሻገረኝ።

አሁን ራስ አል ኸይማ ነኝ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ጨውና ውሃ በሚፋቱበት
ፋብሪካ ጓሮ፣ ከመሳቢያው አፍ ላይ
ጎንበስ ብዬ፣ ሻፊቁል ባትሪ ያበራልኛል ከላይ።
ወንፊቱ ሲደፈን ከተማው ይጠማል፤
ከተማው ሲጠማ አለቃው ይቆጣል።
ስለዚህ እፍቃለሁ።
ሰባት ዓመት ሙሉ በጠመኔ የሳልኋቸውን
በብረት እሰርዛለሁ።

ተዋወቋቸው እንግዲህ።

ይሄ ባርናክል ነው። ሲያዩት ጠጠር፣ ውስጡ ነፍስ ያለ፣
በግንባሩ ተደፍቶ ብረት ላይ የበቀለ።
ሙጫው ከሲሚንቶ ይብሳል፣ ትከሻዬ ነው ምስክሩ፤
ዕድሜ ልኩን እንደተደፋ፣ የሚያጎርሰው እግሩ።

ይህች ዳንቴል መሳይ፣ ቱቦው ላይ የተነጠፈች፣
ለሶፋ የተሠራች የምትመስል፣ ብሪዮዞዋ ትባላለች።
አንዷን ስነካት ሺህ ጎረቤት ደንግጦ በሩን ይዘጋል፤
ኪራይ የለ፣ መታወቂያ የለ፣ ሁሉም ባንድ ግድግዳ ያድራል።

ያቺ ክንደ ቀጭን፣ የኮከብ ዘመድ፣ ስይዛት አንድ ክንዷን
ትታልኝ ሄደች፣ ነጠላውን ጥሎ እንደሚያመልጥ ሌባ።

የባሕር ኪያር ደግሞ ሲጨንቀው አንጀቱን ይተፋል።
የኛ አንጀት የሚቆረጠው በስልክ ነው፤ እሱ ግን አውጥቶ ይጥልና
አዲስ ይሠራል፣ ጥቂት ሳምንት አሸዋው ላይ ይተኛና።

«ይህን ሁሉ ማን ነገረህ?» ይላል ሻፊቁል፣ ዓረብኛው ስብርባሪ።
«ኩንት» እለዋለሁ፤ «ነበርሁ እኮ፣ አስተማሪ።»
«ነበርሁ» የምትለዋን ቃል እዚህ ሁላችንም ቀድመን ነው የምንለምዳት።
እሱም አይጠይቅም። ባትሪውን ወደ ጥጉ ያዞራል፤

እዚያ ናት፣ መጽሐፉ እንኳ በአንድ መስመር ያለፋት፣
ከረጢት መሳይ፣ ሲጫኗት ውሃ የምትረጭ፣ ባማርኛ ስም ያልወጣላት።
ልጅ ሳለች ጭራ አላት፤ ትዋኛለች። በጀርባዋ ቀጭን ዘንግ አለ፣
አከርካሪ ለመሆን አስቦ የቀረ የሚመስል።
አጥንት ቢቆጠር፣ አጥንት የሌላት እሷ ናት የሥጋ ዘመዳችን።
ከዚያ አንድ ቀን ድንጋይ ታገኛለች። ግንባሯን ትለጥፋለች።
ጭራዋን ትበላለች፤ ዘንጓን ትበላለች፤
ከአንጎሏም የሚበዛውን ታሟሟለች።
ከእንግዲህ አትሄድማ፤ አንጎል ለምኗ?
ውሃ ትስባለች፣ ውሃ ትተፋለች፤ ይኸው ነው ቀኗ።

መፋቂያዬ እሷ ላይ ይዘገያል።
«ያላ» ይላል ሻፊቁል፣ «ሊነጋ ነው»፤ አዛን ይሰማል።
ቀና ስል ወገቤ ይንቋቋል፤
ሠላሳ ሦስት አጥንት፣ አንድ በአንድ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የቆጠርሁት።

ከድጃ፣ ዘግይቼ ቢሆንም፣
አከርካሪ የሌለው አይቆምም።
ይጣበቃል።
ማዕበሉ ሲመጣ ይጣበቃል፤ ሲመለስም ይጣበቃል።
ብትፍቂው እንኳ ብረቱ ላይ ነጭ ክብ ይቀራል፣
በደንብ ያልጠፋ ጠመኔ የመሰለ፤
በወሩ ስመጣ ሌላው እዚያው ላይ አለ።

ፈተና ላይ አይመጣም። ግን ጻፊው።