የሐስኒያ መስኮት

ኢድ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ጉጠቴን ይዤ በኪሴ፣
ሰባ ዘጠኙን የሚናራ ደረጃ ወጣሁ፣ እየቆጠርኩ ለራሴ።
አምፖል ላወርድ ነው። ሥራዬ ነው፤ ረመዳን ሲገባ ሰቅዬ፣
ሲወጣ እፈታዋለሁ፣ ካርቶን ውስጥ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ።

ከታች ኔሬትቫ አረንጓዴ ናት፣ የተራራው በረዶ ቀልጦባት፤
ከተማችን ተመልሳ ገብታለች፣ ወሩ ወዳቋረጠባት
ልማድ። ካፌው በጠዋት ተከፍቷል፣ ጭሱ ይወጣል በሩ ላይ፤
ባለፈው ሳምንት ትከሻው ትከሻዬን የነካው ኔርሚን፣
ስኒውን ጨብጦ ሽቅብ ያንጋጥጣል፣ እኔን ሲያይ።

ሰባት ሰፍ ነበርን በተራዊህ፣ ጫማችን በር ላይ ተደራርቦ፤
አንዱ ያንዱን አጥልቆ ይሄድ ነበር፣ ልቡ በዱዓው ተስቦ።
ዛሬ ቆጠርኩ። አራት ጥንድ።
የሙአዚኑ የሙኒብ ቦቲ፣ የሁለት ሽማግሌዎች ነጠላ፣
አንድ የተማሪ ስኒከር (ፈተና ሳይደርስበት አይቀርም)፤
በቃ። የለም ሌላ።

እኔ? እኔ የረመዳን ሰው ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ ምን ላፍር።
ወሩ ሲወጣ እወጣለሁ፣
ካርቶኔ ውስጥ ልሰፍር።

*

በማግስቱ ማታ ሐስኒያ ልጅ ላከችብኝ፤ የቤቷ ፊውዝ ነድዶ።
ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ከሄደ ቆይቷል።
መስኮቷ ሚናራውን ያያል፤ መጋረጃው ለሁለት ተከፍቷል።
በባትሪዬ ብርሃን አየሁ፦ በሰሃን የተከደነ ሾርባ፣
ውሃ በብርጭቆ፣ አንዲት ተምር፤
እሷም እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዝም ብላ ውጭ ውጭውን ስታማትር።

መግሪብ ካለፈ ሰዓት ሊሞላ ነው።
«ለምን አትበዪም?» አልኳት፤ ከንፈሬን አነበበች።
«መብራቱ ዘገየ፤» አለች።
«ዛሬ ከሸዋል ስድስቱ አንዱን ይዣለሁ። ሌላ ጊዜ
ባለቤቴ ነበር አዛኑን የሚሰማልኝ፤ ትከሻዬን ይነካኝ ነበር።
ክረምቱ ወሰደው። እኔም በረመዳን መብራቱን እያየሁ ፈታሁ።»
«ሰዓትሽስ?» ግድግዳውን ጠቆምኳት።
«ሰዓትማ አለ። ሰዓት ግን ማንንም አይጠራም።»

ተምሯን ወደ እጇ ገፋሁላት።
ፊውዙን ቀየርኩ፤ ሂሳብ አልተቀበልኩም፤
አምፖሎቹ መኪናዬ ውስጥ ናቸው፣ አልኩ ለራሴ፤ ለእሷ ግን አልነገርኩም።

*

ሰባ ዘጠኝ ደረጃ፣ እንደገና።
አንዲት አምፖል ብቻ ሰቀልኩ፣ በመስኮቷ አንጻር፣
ሙኒብ ከታች «የኮሚቴው ቆጣሪ!» እያለ ሲያጉረመርም፣ ሲያማርር።

ማብሪያዋ ግን ከውስጥ ነው፤ ከጫማ መደርደሪያው በላይ።
ስለዚህ ሰው ያስፈልጋል፣ አዛኑ ሲወጣ የሚያበራ።
አብርቶስ? አራት ሰው ሰፍ ሲይዝ እያየ፣
ማሰሪያውን አጥብቆ ይወጣል፣ ወደ ራቱ፣ ወደ ሥራ?
አልቻልኩም። ቆምኩ።
ለአላህ ብዬ ነው ብል እዋሻለሁ።
ለሾርባ ነው የሰገድኩት። ሾርባ እንዳይበርድ።
ሁለተኛው ማታም ለሾርባ። ሦስተኛውም።
በአራተኛው ሱጁድ ላይ ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ
ሾርባውን ረስቼው ነበር፤ ከተነሣሁ በኋላ ነው ያስታወስኩት፣
ደንግጬ፣ በመስኮቱ አጮልቄ፤
መብራቷ በርቷል፣ ማንኪያዋ ከፍ ዝቅ ይላል።

*

ስድስተኛዋ ሲያልቅ፣ ልጁ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ዳቦ አመጣልኝ፤
ከሥሩ ብጣሽ ወረቀት፦ «ጨረስኩ። አምፖሏን ልታወርዳት ትችላለህ።
አላህ ይቀበልህ።»
ይቀበልህ ይላል። ይቀበለኝ አይልም።

በሰባተኛው ቀን ጄኔሬተር ስፈታ ዋልኩ።
ማንም አይጾምም፤ ማንም አይጠብቀኝም፤
ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ፣
ግራሶውን ላስለቅቅ ከቧንቧው ሥር ጎንበስ አልኩ።
ውሃው የበረዶ ውሃ ነው፣ ያንዘፈዝፋል።
መዳፌን አሸሁ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ ፊቴን፣
ከዚያ ቀና ብዬ አየሁ፦
ክርኔ ድረስ ርሶ፣ ይንጠባጠባል።

አምፖሏን አላወረድኳትም። ኮሚቴው ሲጠይቀኝ
«ፊውዙን እየመረመርኩ ነው» እላለሁ።
የከርሞን አልምልም፤ የነገንም።
ዛሬ ግን በሩ ላይ አምስተኛ ጥንድ አለ፣
ግራሶ የነካው፣
ማሰሪያው ሳይፈታ የወለቀ።