ድልድዩ እስኪወርድ

ሲትሰ ክር ይዞ የጓሮን በር ለካ፤
ሰማንያ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነው ለካ!
«ሣጥኑ ሰማንያ ሰባት ነው፤ ያልፋል» አልኩት፤
አኮረፈኝ፣ በሩን እኔ እንዳጠበብኩት።

እሱ የፈለገው ባለ ሁለት ጎማ፣
ሹል፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲያልፍ የማይሰማ።
ከተማችን ግሮኒንገን፣ ነፋሷ ነው ዳገቷ፤
በጥቅምት ፊቷን ካዞረች አይጣል ነው ጉልበቷ።
«ሦስት ጎማ ላይ ሣጥን ጭኖ በዚያ ነፋስ መሐል
በር ተሸክሞ መሮጥ ነው፤ የት ያደርሳል?»

እውነቱን ነው፤ አልከራከርም።
ባለ ሦስቱ ከባድ ነው፤ ዝሆን ነው፤ አይበርም።
አሮጌው እንኳ ሺህ አራት መቶ ዩሮ ይላል፤
ስንት የሌሊት ፈረቃዬን ይበላል።

ግን አምና በጥር፣ የዮልከን ባለ ሁለት ተውሼ፣
ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ፣ ልጆቼን ካፖርት አልብሼ፣
ወደቅኩ።
ስሮጥ አይደለም፤ ቆሜ።
በረዶ አልነበረም፤ መኪናም አልነካኝ፤
ኒንከ ዳክዬ አይታ ወደ ግራ ዞር አለች፣
ሚዛኑ ከዳኝ።
እግሬ መሬት ፈለገ፤ መሬት ዘገየች፤
ወተቱ ፈሰሰ፣ ልጄ ከንፈሯን ነከሰች።
አንዲት አሮጊት ከነውሻዋ ቆማ አየች፣
«ቀስ በይ» አለችኝ።
ከመቆም ወዲያ ቀስ ምን አለ?

የባለ ሁለት ጎማ ጠባዩ ይኸው ነው፤
የሚያከብረው ሯጩን፣ የሚጥለው ቋሚውን ነው።
የኔ ውሎ ደግሞ መቆም ነው፤
ለቀዩ መብራት፣ ለወደቀ ጓንት፣
ለአፍንጫ፣ ለሽንት፣
ፌደ ቀንድ አውጣ ያየ እንደሆን... እሱንስ ተዉት።

ሃርመን ዘንድ ሄድን፣ ከቦዩ ማዶ፤
እጁ ቅባት፣ ሱቁ ያሮጌ ጎማ ጎተራ፤
ሲትሰ አረንጓዴውን ባለ ሦስት ወሰደ ለሙከራ።
እያፏጨ ሄደ። ከመታጠፊያው ሲደርስ
እንደ ልማዱ ጎኑን ጣለ፣ እንደሚጋልብ ፈረስ፤
የግራው ጎማ ተነሣ፣ እንደ ውሻ እግር ካጥር ሥር፣
ባሌን አገኘነው፣ ከነሣጥኑ፣ ቁጥቋጦ ሥር።

ሃርመን የሻዩን ኩባያ እንኳ ሳያስቀምጥ፣
«እሱ አያዘነብልም፤ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ!
ስትዞር ቀስ፤ ስትቆም ዝም፤
አንተ ካልጣልከው እሱ አይጥልህም።»
ሲትሰ ቅጠል ከጸጉሩ እያራገፈ ሳቀ፤
እኔም ሳቁን ተገን አድርጌ ተከራከርኩ፣
መቶ ሃምሳ ወደቀ።

ማታ ግን፣ ልጆች ተኝተው፣ ሳህን እያጠበ፣
«ቀርፋፋ ነውኮ» አለ ደግሞ እያሰበ።
«ድሮስ ድስት የሚጣደው በስንት ጉልቻ ነው?» አልኩት።
«በሦስት።»
«በሁለት ለምን አልሆነም?»
ዝም።
የታጠበውን ሳህን መልሶ አጠበው።

በጓሮው በር አለፈ።
ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳንቲም፤
ቀለሙ ትንሽ ተላጠ፤ ግድ የለም።

ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ተነሣ፤
አሸዋ የጫነ ጀልባ እየተጎተተ ሊያልፍ፣
እኛ ከዚህ፣ እነሱ ከዚያ፣ ብስክሌት በብስክሌት ላይ ሰልፍ፤
ሁሉም ባንድ እግሩ፣ እንደ ሽመላ።
ሲትሰም ከጎኔ፣ ከቀጭኑ ላይ፣
ነፋስ በገፋው ቁጥር ተረከዙን ይፈልጋል።
እኔ ሁለት እግሬን ከፔዳሉ ሳላወርድ፣
በሁለት እጄ መንደሪን እልጣለሁ፣ ድልድዩ እስኪወርድ።
ከዝናብ ድንኳኑ ሥር ሁለት እጆች ወጡ፤
አንድ ለኒንከ፣ አንድ ለፌደ፣ ተቀብለው ገቡ።

«ለኔስ?» አለ ሲትሰ።
እጆቹ መሪውን፣ እግሩ መሬቱን ይዘዋል።
አፉን ከፈተልኝ።
አጎረስኩት።