ሮባ ያነሣው

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ባጃጅ አቧራ በሚቆላበት፣
የቆርቆሮ ሣጥን ወረስኩ፣ ወንድሞቼ እጅ ያልሰደዱበት።
ሁለት ኒሻን አለው፣ ባንድ መሐረብ የተቋጠረ፤
ባንዱ አንበሳ ቆሟል፤
በሌላው መጥረቢያ፣ ከዘንግ ጋር እንደታሠረ።
ስከፍተው ይጋጫሉ፣ እንደ ብርድ ጥርስ።

ባላምባራስ አንዳርጌ፣ አያቴ፣ ወታደር ነበረ።
ሰሜን ዘምቶ፣ የመርዙ ዝናብ ወርዶበት፣ ጀርባው ተተረተረ።
ሮባ ጉተማ፣ የአዋሽ ዳሩ ልጅ፣ ከሬሳ መሀል ለይቶት
እንደ ጤፍ ስልቻ አዝሎት፣ ሦስት ቀን ተጓዘ፤
ውሃ ሲያገኝ ውሃ፣
ውሃ ሲያጣ ጠጠር፣ ምላሱ እንዳይደርቅ፣ ባፉ አስያዘ።

አዳማ ሲደርሱ ጠላት ቀድሟቸዋል።
ሮባ ወደ ቦሰት፣ ወደ ተራራው፣ ጠመንጃውን ይዞ፤
አያቴ ወደ ቢሮ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ክንዱን ወደ ላይ መዝዞ።
«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለ።
«ከተማው እንዳይነድ መሀል የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።»
ይህን ያለው ከልቡ ነው። አምነዋለሁ።
በመጀመሪያው ወር ሰባት ሰው ከገመድ አስፈታ።
በሁለተኛው ወር ሁለት።
በሦስተኛው ወንበር ሰጡት፣ ማኅተም ሰጡት፤
አደባባይ ወጥቶ ስለ መንገድ ተናገረ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ መብራት፣
ጥይት ስለማይጮኽበት ሰላም።
ከዚያ ስም ዝርዝር መጣ።

ግልባጩ ሣጥኑ ውስጥ አለ።
አሥራ አራተኛው ላይ «ሮባ» ይላል።
ብዕሩ እዚያ ጋ ቆሟል፤ ቀለም ጠብ ብሏል፣ ምስር ያህል።
ጥቂት ነው የቆመው።
ከዚያ ፈርሟል።

ባቡሩ ማታ ጮኸ።
ቡርቴ አልጮኸችም፤ ባሏን የወሰደውን ሐዲድ
እስኪበርድ ድረስ በመዳፏ ዳሰሰችው።

ነጻነት ሲመለስ ምሕረት ታወጀ፤ አያቴም የአንበሳውን ኒሻን አድርጎ ገበያ ወጣ።
እጁ ግን ተምታታበት፤
ሰላምታ ሲመልስ ክንዱ እመንገድ ይቀርና፣
የሚሄድበት ጠፍቶት፣ ጆሮውን አክኮ ይወርዳል።
«ጆሮ አካኪው!» ይሉት ነበር የሰፈር ልጆች።
ባንዳ የሚለውን ቃል በቤታችን ማንም አላወጣውም፤
ቃሉ ግን ከእኛ ጋር ራት ይበላ ነበር።

ሲሞት እድርተኛው መጣ፣ ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮ ቆረጠመ፤
ቃሬዛውን የሚያነሣ ጠፋ።
አንዱን ወገቡን አመመው። አንዱን ትከሻውን።
አንዱ የጫማ ክሩን ያስራል፣ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል።
ቡርቴ ከደጅ ተነሣች፤ ጎብጣለች።
«አልማርኩትም» አለች። «ምሕረት ያወጀው ሌላ ነው።
ግን ይህን ሰው ባሌ ሦስት ቀን ተሸክሞታል፤
ሮባ ያነሣውን እናንተ መሬት ላይ አትተዉት።»

አነሡት።

እኔ ቀበሌ ነው የምሠራው። የልደት ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፤
ከጠዋት እስከ ማታ እፈርማለሁ።
አንዳንዴ ስም ዝርዝር ይመጣል፣ ለምን እንደተፈለገ ያልተጻፈበት።
ጀርባዬን ይበላኛል።
ብዕሬ ይቆማል፤ ቀለሙ ጠብ ይላል፣
ምስር ያህል።