በካሬ ሜትር

"በካሬ ስንት ነው?" አቶ ይርሳው ናቸው፣
የቡሬ በርበሬ አቅልቶት ቅንድባቸው።
ዋጋዬን ነገርኋቸው፤ ሳቁ፣ አስነጠሱ፣
ግማሹን ጠሩልኝ፤ ከእሱም ላይ ቀነሱ።
ተስማማሁ። ምን ላርግ? የቢሮ ኪራይ አለ፣
ደሴም ሳይከፈለው ሦስት ወር ሲነድፍ ዋለ።

ሌሊት ሌሊት ቦታውን በእርሳስ ሳዞረው፣
የከሰዓቱን ፀሐይ ከሱቁ ሳባርረው፣
የክረምቱን ጎርፍ በጓሮ ስመራው፣
ደረጃውን ነቅዬ ጥግ ላይ ስሠራው፣
አንድ ጨለማ ኮሪደር፣ ለማንም የማይጠቅም፣
አርባ ካሬ ነበር በየፎቁ፤ ፋቅሁት፤ የለም።

ደስ ብሎኝ ነጋልኝ። ደሴ ሂሳብ ሠራ፤
አርባውን በአራት ፎቅ አባዝቶ ሲጣራ፣
የጎደለው ከኔ ኪስ ነው።
ለእሳቸው ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሸዋ ተረፈ፣
ከእኔ ከወር ቀለቤ ግማሹ ረገፈ።
ባበላሸው ኖሮ ይከፈለኝ ነበር፤
ባሳመርሁት ቁጥር አነሰ የኔ ብር።

ፎቁ ቆመ። ደላላው ጎሹ ሱቁን ሲያከራይ፣
"ከሰዓት ፀሐይ የለው!" ይላል፣ እጁ ወደ ላይ።
ያችን ጥላ ሸጣት፤ ኮሚሽን በላባት፣
እኔ ነበርሁ እኮ እንቅልፍ ያጣሁባት።
አቶ ይርሳው ኪራይ በየወሩ ይቆጥራሉ፣
"ገደኛ ቤት ወጣኝ" ለሰው ይነግራሉ።

መስከረም ላይ ማንኩሳ ከአውቶቡስ ስወርድ፣
ፎቄ ቆሞ አየሁት ከማላውቀው መንገድ።
ደረጃው የእኔ ነው፣ መስኮቱም፣ በረንዳው፤
ፊቱን ግን አዙረው ፀሐይ ሱቁን ጎዳው።
ባለሱቁ ወጥቶ ካርቶን ያንጠለጥላል፣
"የነደፈው መሐንዲስ ዕውር ነበር" ይላል።
ዝም ብዬ አለፍሁ። ምን ብዬ ልናገር?

አንጓችን፣ ፎቶ ኮፒዋን፣ ጠየቅኋት፤ አልካደችም፤
"ለአምስት ሰው አባዛሁት" አለች፤ አላፈረችም።
ማኪያቶ ጋበዘችኝ።
ከአምስት ፎቅ የደረሰኝ እሱ ነው፤ አልዋሽም፣
ስኳሩን አብዝታለት፤ ጠጣሁት፤ አልሸሽም።

አጎቴ ዋሸራ ቅኔ ሲማር ኖሯል፤
"የትናንቱን ቅኔ የደገመ ያፍራል፣
ቅኔ የሚዘረፈው አዲስ ሲሆን ነው" ይላል።
የእኛ ሙያ ዝርፊያ ግን ሌላ ነው ፍቺው፤
አዲስ አይፈልግም፤ ይበቃል ማባዣው።

ትናንት ባለዳቦዋ ዘርፌ መጥታ ነበር፤
"በካሬ ስንት ነው?" ብላ ስትጀምር፣
"በካሬ አልሠራም" አልኋት፤ ራሴም ደነገጥሁ፤
የዋጋ ዝርዝሩን አጥፌ ባዶ ወረቀት ገለጥሁ።
"የጥላዋን ሱቅ ኪራይ፣ በዓመት የአንድ ወሩን፣
ለእኔ ይሁን፤ ባዶ ከዋለ እኔም ልጣ ብሩን።"

ደሴ በእርሳሱ ጫፍ ጠረጴዛውን መታ።
"እንዲህ ያለኝ የለም" አለች፣ ጥቂት ቆይታ።
ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ አየች፦
"እኔ ቦታ ላይ ፀሐይ በየት ትጠልቃለች?"