ቆጣሪው የቆመ ቮልቮ

ሐመረ ልጄ ናት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ሦስት ሺህ አራት መቶ ዶላር ነው ሀብቷ፤
ሁለት በጋ ሙሉ ዶናት የሸጠችበት፣
ሳንቲም በሳንቲም ላይ የደራረበችበት።
ይህን ይዛ መጥታ «ቮልቮ ልገዛ ነው» አለችኝ።
ሠላሳ ሁለት ዓመቱ! ለእሷ ታላቅ ወንድም! ሳቄ አመለጠኝ።

እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ዊኒፔግን በበረዶ የማውቃት፣
የትኛው መታጠፊያ እንደሚያንሸራትት፣ በስንት ሰዓት።
ደብተር አወጣሁ። መሐሉን አሰመርኩ፣
በቀኝ «ቶዮታ»፣ በግራ «ቮልቮ» ብዬ ጻፍኩ።

«የቶዮታ ዕቃ እዚህ ማዶ መደብር ሞልቷል፣
የዚህኛው ግን ከስዊድን በመርከብ ይመጣል፤
ለአንዲት የጎማ ቀለበት ሦስት ሳምንት ይጠበቃል፣
እስከዚያ ባለቤቱ በእኔ አውቶቡስ ይሳፈራል።»

«ሐመረ ማለትስ መርከብ አይደል?» ብላ ሳቀችብኝ፤
ስሙን ያወጣሁት እኔው፣ ምን መልስ ይኑረኝ?
«ደግሞ ብረቱ ወፍራም ነው፤ ሲታመም ሕመሙ ይታያል፣
የዘንድሮ መኪና እኮ አባ፣ ኮምፒውተሩ ያኮርፋል።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ስለዚህ ጠረጠርኩ፤
ቅዳሜ ጧት አብሬያት ጊምሊ ድረስ ሄድኩ።
ሐይቁ ዳር ያለ ቤት፤ ሲግሩን የምትባል ባልቴት፤
መኪናው ብርድ ልብስ ለብሷል፣ ባሏ እንደተወው፣ ሁለት ዓመት።

ካፖርቴን አንጥፌ ከሥሩ ተኛሁ፣
ጨው የበላው ወለል፣ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አገኘሁ።
«ይኸው!» ብዬ ጮህኩ፣ እንደ ዳኛ፣
በቀዳዳው በኩል የልጄን ጫማ አየሁ። መንጃው ጋ ተቀምጣለች፣ ያቺ ምቀኛ።

ቆጣሪው ቆሟል፤ አምስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሺህ ላይ።
«መቼ ቆመ?» ብላት፣ ሴትዮዋ ወደ ሐይቁ አየች፣ ወደ ሰማይ፤
«እሱን ቶርቫልዱር ነበር የሚያውቀው» አለች።
ሌላ አልጨመረችም። ሐመረ ብሩን ቆጠረች።

ጥር ገባ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
እዚህ መኪና እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነው የሚያድር ሌሊት።
ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ለፈረቃዬ ስወጣ፣
ቮልቮው ቀጥ ብሏል፤ በተከፈተው በር ሁለት እግር ወጥቷል ወደ ውጭ።
«አልነገርኩሽም?» የሚለውን ቃል አፌ ላይ አሰናዳሁ፣
ሁለት ወር ያስቀመጥኩት ቃል ነው፤ ቀስ ብዬ ተጠጋሁ።

ግንባሯ ላይ መብራት። ጥርሷ መካከል ፒንሳ።
«አባ፣ ይቺን ያዝልኝ» አለች፣ አንገቷን ሳታነሣ።
ክብሪት የምታክል ጥቁር ሳጥን ነች፤
«የነዳጅ ፓምፕ ሪሌ። ብየዳዋ በብርዱ ተሰነጠቀች።»
ይህን ማን አስተማረሽ? አልጠየቅኩም። ይዤ ቆምኩ፤
ሃያ ዓመት በነዳሁት፣ የሪሌን ውስጥ ያኔ ገና አየሁ።

የኪሱ መሳቢያ ሲነቀል ከኋላው ደብተር ወደቀ፣
ዘይት የጠጣ፣ ጠርዙ የተበጣጠቀ።
ቋንቋውን አላውቀውም፤ ቁጥሩን ግን አነበብኩ፤
ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር። መሐሉ የተሰመረ፤ እንደ እኔ፣ ልክ።
አንድ ገጽ ላይ ኪሎ ሜትሩ ይቀራል፤ ቆጣሪው የሞተ ዕለት፤
ሰውየው ግን አላቆመም፤ ከዚያ ወዲያ ጻፈ በግምት።
መጨረሻው ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ሪሌዋ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተበየደች፤ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ተነሣ።
ሐመረ ወደ ትምህርቷ ነዳች፣ ወለሉ ላይ የድስት ክዳን አንጥፋ፣ ሳንቃ ቢጤ ሣሣ።

እኔ ብሆን አልገዛም። ዛሬም አልገዛም።
ጎረቤት ስለ ልጁ ቢጠይቀኝ «ቶዮታ!» ነው፤ ቃሌን አላጥፍም።
ማሞቂያው እግር ያቃጥላል፣ ፊትን አያውቅም፤
የመስኮቱ መዘውር ሲዞር እንደ በር ያቃስታል፣ አይዘጋም።

ማታ ግን መኪናው ውስጥ ብቻዬን ገባሁ፤
የደረቀውን እስክሪብቶ በብብቴ አሞቅሁ፤
ከቶርቫልዱር መጨረሻ መስመር በታች፣
«ጥር ዐሥራ አራት። ሪሌ። የበየደች፦ ሐመረ» ብዬ ጻፍኩ።
የኪሎ ሜትሩን ቦታ ባዶ ተውኩ።