ባለጭራ ግስ

መዝገበ ቃላቴ፣ ጠርዙ የተበላ፣
«ጌት ማለት ማግኘት ነው» አለኝ፤ አልጨመረም ሌላ።
ደስ አለኝ። የራሴ ስም ነው፤ እታገኝ ነኝና፣
«እት አገኘሁ» ብላ ታላቄ ያወጣችልኝ፣ በአራስነቴ ገና።

ግላስጎው ግን፣ አውቶቡስ ጋራዥ፣ በሌሊት ፈረቃ፣
ያ «ጌት» ሌላ ሰው ሆኖ ከመጽሐፉ ነቃ።
አለቃዬ ዱጋልድ፣ ቱታው በግራሶ ጠቁሮ፣
በፉጨት ይጠራኛል፣ ባትሪውን ይዞ ዞሮ ዞሮ፤
«ጌት ኦን» ሲለኝ ወጣሁ፤ «ጌት ኦፍ» ሲለኝ ወረድኩ፤
«ጌት ኢን»፣ «ጌት አውት»፣ «ጌት አንደር»፤ ወንበር ለወንበር ዳከርኩ።
ሊነጋ ሲል መጥረጊያዬን ተደግፌ ባስብ፣
ሌሊቱን ሙሉ ጌት፣ ጌት! ያገኘሁት ግን አንድ ጓንት፣
ያውም የግራ፣ ያውም ርጥብ።

ቀስ እያልኩ ገባኝ። የዚህ አገር ግስ እንደ ውሻ ነው፤
ሊነክስ ይሁን ሊልስ፣ የሚናገረው ጭራው ነው።
«ሉክ» ማየት ነው። «ሉክ ፎር» ግን ያጡትን።
«ሉክ አፍተር» ከኋላ ማየት መስሎኝ ነበር፤
መጦር ነው ለካ፣ ሾርባ ይዞ በር ማንኳኳት።
«ጊቭ አፕ»ን ወደ ላይ መስጠት አልኩት፤ ለሰማይ፣ እንደ ስለት።
ተስፋ መቁረጥ ሆኖ ተገኘ። የኛን ለዱጋልድ ብተረጉምለት፣
«በምን ትቆርጡታላችሁ» አለ፣ «በመቀስ ወይስ በመጋዝ?» ሳቅሁለት።

የባሰውንም ነገርኩት። በኛ አገር ሰው ሲቀመጥ «ቁጭ» ይላል፣
ሲነሣ «ብድግ» ይላል፣ ዝም የሚለው እንኳ «ዝም» ይላል።
«ታዲያ ማን ነው» አለ፣ «በናንተ አገር አፉን የሚዘጋ?»
ሠላሳ ስምንት ቁጥርን እያጠብን ነጋ።

«ብሬክ ዳውን»ን ማንም አላስጠናኝ፤ ጋራዥ ነው ያለሁት፤
ያቺው ሠላሳ ስምንት ዳገት ላይ ቀጥ ስትል፣ ጢስ ስትተፋ፣
ዱጋልድ መፍቻ ይዞ ሲሮጥ አይቼ ነው የተማርኩት።

ሐሙስ ጧት ከሥራ ስገባ ጎረቤቴ አይልሳ ደረጃው ላይ ቆማለች።
የባርኒን ማሰሪያ ይዛለች። ማሰሪያው ጫፍ ላይ ባርኒ የለም።
«ፑት ዳውን» አለች፤ ትናንት፣ ሐኪሙ ጋ፣ ባርኒን።
ፑት ማስቀመጥ፤ ዳውን ታች። ገባኝ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤
ሦስት ፎቅ መውጣት አቅቶት፣ ታች አስተኝታው ነው።
«ደግ አደረግሽ» አልኳት። «አሁን አረፈ?»
በኔ እንግሊዝኛ፣ ካማርኛ እንደወረደ ቀድቼ።
አየችኝ። ብዙ አየችኝ።
«አዎ» አለች፣ «አረፈ።»

ያኔ የገዛ ቃሌ ዞሮ ነከሰኝ።
እኛም ለካ ሰው ሲሞትብን «አረፈ» ነው የምንለው፤
ጭራ እንኳ አናስከትልበትም።

አይልሳ ብሬክ ዳውን አለች።
ዳገት ላይ እንደቆመች ሠላሳ ስምንት፣ ትከሻዋ ከውስጥ እየተንቀጠቀጠ።
መፍቻ አልያዝኩም። ባልዲ እንኳ አልያዝኩም።
ቁጭ አልኩ። ቁጭ አለች። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል።

«ስምሽ» አለች በመጨረሻ፣ አራት ዓመት «ታጊ» ስትለኝ ኖራ፣
«ምን ማለት ነው?»
«ጌት» አልኳት።
ጭራውን ጠበቀች። ኦን? ኦፍ? ኦቨር?
ለ«ጌት ኦቨር» ገና ነበር፤ ማሰሪያው ላይ ጠጉሩ አለ።
«ጌት… ሲስተር።»

ማሰሪያውን በጣቷ ጠቀለለች፤ ፈታች፤ ጠቀለለች።
«ካገኘሽማ ‹ጎት› ነው የሚባለው» አለችኝ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።
ደብተሬን አወጣሁ።
እርሳስ አልነበረኝም፤ ከቦርሳዋ አቀበለችኝ።