የፈሰሰ ሲታፈስ

ማክሰኞ ማክሰኞ ሜትሬን ይዤ፣ በጥዱ ደን መሀል፣
ከሳልሜ ጓሮ እደርሳለሁ፤ ውሻዋ ሙሪ ይጮሃል።

ኤስቶኒያ ናት አገሩ፤ የጦር አውሮፕላን ሰፈር ነበረ፤
ሠላሳ ዓመት አለፈው፣ የመጨረሻው ከበረረ።
ማኮብኮቢያው ተሰነጥቆ የበርች ዛፍ በቅሎበታል፣
የቦምቡ መጋዘን ደግሞ የሌሊት ወፍ ሰፍሮበታል።

ወታደሩ ሄዷል፤ ላምባው ግን አልሄደም፤
ከአሸዋው ሥር አድፍጦ እጅ መስጠት አልወደደም።

ደመና በጣለ ቀን፣ አብራሪ ሳይነሳ፣
«በረናል» እንዲባል፣ መዝገቡ እንዳይሳሳ፣
በርሜሉን ገልብጠው ለአሸዋው አጠጡ፤
ላልበረሩት ሰማይ ምድርን ለዋስ ሰጡ።

የሳልሜ ባል ኢልማር፣ ያኔ በሕይወት ሳለ፣
ክብሪት ቢጥልበት ውሃው ተቃጠለ።
በማግሥቱ ቀድቶ ትራክተሩን ነዳ፣
«መንግሥት ልኮልኝ ነው» እያለ፣ በሳቅ ሊፈነዳ።
ሻይ ግን ከዚያ ወዲህ ከዚያ ውሃ አልፈላም፤
የቦቴ ውሃ ነው የምትጠጣው፣ ጠጥታም አትረካም።

ጓድ ሲሄድ ጉድ ቀረ፤ ሁለቱን ቢገጥሙ፣
ጉድጓድ ነው ከጓሮ፣ እስከ ዛሬም ስሙ።

የፈሰሰ አይታፈስም ይባላል፤ አውቃለሁ።
እንጀራዬ ግን እሱ ነው፤ የፈሰሰ አፍሳለሁ።

ፓምፑ ሌት ተቀን ያቃስታል፣ እንደ ታማሚ ሽማግሌ፤
ጠብ፣ ጠብ እያለ ይሞላል የዛገው በርሜሌ።
ስጀምር ክንድ ነበር፣ ውፍረቱ ሲለካ፤
ስንዝር ሆነ በኋላ፤ ቀጥሎም ጣት፤ ለካ
ትዕግሥትም መስፈሪያ አለው። ዘንድሮ የጥፍር ያህል
ሳስቶ ቀርቷል፤ ፀሐይ ሲነካው ቀስተ ደመና ይመስላል።

ሳልሜ ከየዓመቱ አንድ አንድ ጠርሙስ አስቀምጣ
በመስኮቷ ደርድራለች፣ ከጥቁሩ ነጩ እስኪመጣ።
ዐሥራ አንደኛው ዛሬ ጠራ። ብርሃን አሳለፈ።
«እንግዲህ ልጠጣው?» አለችኝ። አንደበቴ ታጠፈ።

«ላቦራቶሪው ይወስናል» ብዬ ወረቀት ስገልጥ፣
ሙሪን ጠርታ አስሸተተችው፣ አፍንጫው ከኔ ሜትር ቢበልጥ።
አሸተተ። አነጠሰ። ወደ ቦቴው ውሃ ዞረ።
ሳልሜ ክዳኑን አጠበቀች። መስኮቱ ላይ ቦታ ነበረ
ለዐሥራ ሁለተኛው ጠርሙስ።

ሜትሬን ጠቅልዬ ወጣሁ፤
ፓምፑ ሲያቃስት ይሰማል፣ እስከ ጥዱ ድረስ።